ለውሻ የሚጣለው ጉበት

ሁዳዴ ገባና ሉካንዳዬን ዘጋሁ። እኔን የሚያሳብደኝ ጾሙ አይደለም፤ መጾም ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። የሚያሳብደኝ ሥራ መፍታቱ ነው። ቢላው ሲሰቀል እጄ የሚገባበት ያጣል። ቀኑን ሙሉ ከተዘጋው ቀይ በር ፊት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የቦንጋ ሰው ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ጋሽ ደጉ፣ በሬው ሱባዔ ገባ ወይ?» ይለኛል። በየዓመቱ ያው ቀልድ። «አዎ፣ ለአንተ ኃጢአት ነው የሚጸልየው» እለዋለሁ። ስቆ ይሄዳል። እኔ እዚያው ዱካዬ ላይ እቀራለሁ።

ባለቤቴ ተሾመች ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው። ያለችን አንዲት ልጅ ሩሀማ ናት። ዋጫ ከተማ ታስተምራለች፤ እዚያው ዮሴፍ የሚባል የግብርና ባለሙያ አግብታ እዚያው ቀርታለች። እኔ ከሬዲዮው ጋር እጨቃጨቃለሁ። የሚገርመው፣ ሬዲዮውም አይሰማኝም።

በሁዳዴ ደስ የሚለው አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ሚስተር ራጋቫን። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ህንዳዊ ነው። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል እንኳ አይነካም። በፍስኩ ወራት የተንጠለጠለውን ላለማየት ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው በሉካንዳዬ ፊት የሚያልፈው። እኔም ነገር ፍለጋ «ሚስተር፣ ግማሽ ኪሎ ልቁረጥልህ?» ብዬ እጮኻለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን አገሩ በሙሉ ሽሮና ምስር ይበላል፤ ያኔ ደረቱን ነፍቶ «አሁን ሁሉ ሰው ዘመዴ ነው» ይላል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን፣ ጢሜ የሸበተውን ሰውዬ፣ «አንቺ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን በጥፊ ልለው ቃጥቶኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ሆዴ መግፋት የጀመረው የገና በዓል ሳይደርስ ነው። «የሥጋ ሻጭ ሆድ ቢገፋ ምን ይደንቃል» አሉ ሰዎች፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። ቀጥሎ እግሬ አበጠ። ከዚያ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ማንኪራ ቀበሌ ያለ አንድ ንብ አናቢ የሰጠኝን መራራ ሥር ቀቅዬ ብጠጣ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስታወከኝ። ይሄኔ ነው ሆስፒታል የሄድኩት።

ዶክተር ሰብሌ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና መሣሪያዋን እያንሸራተተች ስክሪኑን ታይ ጀመር። አንዱ ቦታ ላይ ደጋግማ ተመለሰች። ሐኪም አንድ ቦታ ሲደጋግም ደግሞ ደስ አይልም።

«ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!» አልኳት።

«ጋሽ ደጉ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሉካንዳ አለኝ።»

«እንግዲያው ጉበት ያውቃሉ።»

ጉበት አውቃለሁ ወይ! ዕድሜዬን የፈጀሁት ጉበት ስገለብጥ ነው። ጤነኛ ጉበት ያብረቀርቃል፤ ጠርዙ ስል ነው፤ ጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል፤ ቢላ ሲያልፍበት ድምፅ የለውም። ደንበኛ ገና ሳይቀዘቅዝ በሚጥሚጣ ይሻማበታል። ረግረግ ላይ የዋለ ከብት ጉበት ግን ትል ይገባበታል። ጠርዙ ይደነድናል፣ ላዩ ይጎረብጣል፣ ውስጡ ነጭ ሲባጎ የመሰለ ነገር ይሠራል፤ ቢላው ሲገባ ይንቋቋል። እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ «ኤጭ! ይሄ ደግሞ ምኑ ይረባል!» ብዬ በጓሮ በር ለውሾች እወረውረዋለሁ። ሩሀማ ትንሽ ልጅ ሳለች እዚያ በር ላይ ቆማ ውሾቹ ሲናጠቁት ታይ ነበር።

ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ግራጫ ነገር ነው፤ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

«የእርስዎም እንደዚያ ደንድኗል» አለችኝ። «ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ነው። ምናልባት ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት ኖሯል። ጉበት ሲቆስል ራሱን ያድናል፤ ግን ጠባሳ ይተዋል። ደግሞ ይቆስላል፤ ደግሞ ጠባሳ። ለብዙ ዓመት ሲደጋገም ጠባሳው ከጠባሳ ይያያዝና ጉበቱን በየቦታው ያስረዋል። በመሐል የተረፈው ሥጋ ላድግ ሲል መላወሻ ያጣና ቋጠሮ ቋጠሮ ይሆናል። ደሙም እንደ ድሮው አያልፍም። መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያኔ ነው ሆድ ውስጥ ውሃ የሚቋጠረው።»

«ወደ ድሮው ይመለሳል?»

«ቫይረሱን በኪኒን ጸጥ እናደርገዋለን። እንዳይብስ እንይዘዋለን። እንደ ድሮው ለስላሳ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

በልቤ «ለውሻ የሚጣል ነኛ» አልኩ። እሷ ትቆጣኝ ቀጠለች። ጨው የለም። ጠጅ የለም፣ አረቄ የለም። ያንን መራራ ሥር ደግሞ እንዳይነኩ። ለነፍስ አባትዎ ነግረው ጾሙን ያስፈቱ፣ ወተትና እንቁላል ያስፈልግዎታል። በቀረኝ ዕድሜ የምበላው ነገር እያለቀ ሳለ ድንገት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ባለቤትዎ በምን ነበር ያረፉት?»

«ሆዷ አብጦ።»

«ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት። ዋጫ ናት። አርግዛለች፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ትወልዳለች።»

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ጋሽ ደጉ፣ ይሄ በሽታ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጅዎ ከእናቷ ወስዳው ሊሆን ይችላል፤ ሳትወልድ መመርመር አለባት። ካለባት፣ ሕፃኑ በተወለደበት ቀን መከተብ አለበት። ያ ቀን ካመለጠ ግን እሱም የእርስዎን መንገድ ሊይዝ ይችላል። ዛሬውኑ ይንገሯት።»

«አብሮ በመብላትስ? በጽዋስ ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። በደም፣ በወሊድ፣ በአልጋ፣ በምላጭ ነው። አብረው ይብሉ፣ አብረው ይጠጡ፣ ልጁንም ይቀፉ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኳትም።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። በአባቴ ቤት ወግ ሰው ከሚወደው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ከአንድ ቅል ይጠጣል፤ ሁለት አፍ በአንድ ጠርዝ። ከተጣላኸው ጋር አትጠጣም፤ የታረቅህ ለት ትጠጣለህ። ተሾመችን ያገባሁ ቀን እንዲህ ጠጥተናል። ሩሀማም የካፋን ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሮን፣ ልታከብር ስትመጣ ሁሌም ከእኔ ጋር ትጠጣለች። ዘንድሮ ግን ብርዙን በቅሉ ሞልቼ ስጠጋት ፊቷን አዞረች። «አባዬ፣ ይቅርብኝ፣ በራሴ ኩባያ ልጠጣ» አለችኝና ከቦርሳዋ የራሷን ኩባያ አወጣች። የራሷን ኩባያ! በአባቷ ቤት! ቅሉን ብቻዬን ጨረስኩት፤ ነገሩ ግን ሆዴ ገባ። ደመወዝተኛ ሆነች፣ የሥጋ ሻጭ አባት አሳፈራት፣ ናቀችኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለገናም አልመጣችም፣ ለጥምቀትም አልመጣችም። በስልክ «ደህና ነህ አባዬ?» ትለኛለች፣ «ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ አለቀ።

እንግዲህ አሁን ፍረዱ። ጤነኛ ነው ብላ ስታስብ የተጠየፈችኝ ልጅ፣ ጉበቱ ታሟል ሲሏት ሕፃኗን ታሳቅፈኛለች? ዶክተሯ «ይቀፉ» ብላለች፤ ሰው ግን የሐኪም አፍ አይሰማም፣ የጎረቤት አፍ ነው የሚሰማው። እኔ በዚህች ዓለም የቀረኝ ምኞት አንድ ነው፣ ያንን ሕፃን መታቀፍ። ብነግራት እኔ ሕፃኑን አጣዋለሁ። ባልነግራት ሕፃኑ ጉበቱን ያጣል። ይሄን እያወቅሁ «ሆድ ይፍጀው» አልኩ። «እዚያው ይመረምሯት የለም እንዴ» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ተረት ለስንቱ ተርቼዋለሁ፤ በራስ ሲመጣ ግን ይከብዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሚስተር ራጋቫን ምሳ ዕቃ ይዞ ገባ። እርድ ያለበት ምስር ነው፤ ጨው የለበትም። ዓይኔን ካየ ሰንብቷል።

«ጋሽ ደጉ፣ ዓይንሽ ቢጫ ነው። አትደብቂኝ» አለኝ።

ለባዳ መናገር ይቀላል። የዶክተሯን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እየወዘወዘ ሰማኝና ስለ አባቱ አወራኝ። አባቱ በአገራቸው ጥንታዊ ሕክምና፣ አዩርቬዳ በሚሉት፣ ሐኪም ነበር። ጉበት የእሳት ቤት ናት ይል ነበር አሉ። የበላነው ሁሉ ተፈጭቶ ቀለም የሌለው ውሃ ሆኖ ይደርሳታል፤ ቀይ ቀለም ሰጥታ ደም የምታደርገው እሷ ናት። እሳቱ ልክ ሲሆን ሰውየው ደህና ነው። መጠጡ፣ በርበሬው፣ ጨው የበዛበት ነገር፣ ንዴቱ ሲጨመርበት ግን ይንቀለቀላል። ዘመኑን ሙሉ ሲነድ የኖረ ምድጃ ግድግዳው ይደነድናል፤ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ሆድ ይሞላል። ዶክተሯ ጠባሳ አለች፣ የሱ አባት እሳት አለ። ሆዴን ዝቅ ብዬ ሳየው የሁለቱም ወሬ እዚያው ነው የደረሰው።

«ታዲያ አባትህ ምን ይሰጥ ነበር?»

«መራራ ነገር፣ ወተት፣ ጨው የሌለው ምግብ፣ ዕረፍት። እኔ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቅጠል አልሰጥሽም። የዶክተርን ኪኒን ዋጪ።»

«ምላስ ብቻ ነህ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አየሽ? እሳት» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «አባቴ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ምላስ አያይም፣ የደም ሥር አይነካም። ‹ከማን ጋር ትበላለህ?› ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጋሽ ደጉ፣ አንቺ ከማን ጋር ትበያለሽ?»

«ከሬዲዮ ጋር!» አልኩት። ከዚያ የሩሀማን ነገር፣ የኩባያውን፣ የሕፃኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመ። «እናቴ ስትታመም ቤተሰቦቼ አልነገሩኝም» አለ። «ሩቅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ይጨነቃል አሉ። ስደውል ‹ደህና ናት› ይሉኛል። ሞተች፣ አቃጠሏት፣ አመዷን ወንዝ ላይ በተኑት፤ ከዚያ ደውለው ነገሩኝ። ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ‹ደህና ነን› ሲሉኝ አላምናቸውም። ብቻዬን የሆንኩት አገሬን ስለቅ አይደለም። ያን ቀን ነው።»

እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ደግፎ ነው የሚነገር። ይሄ ሰው ግን ከግድግዳዬ ማዶ፣ ስልክ ይዞ፣ ብቻውን ተረድቷል።

«እኔ እዚህ አጠገብህ ሆኜ! ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ሥጋ ትቆርጪ ነበር» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጠርሙስ የማንኪራ ማርና የአባቴን ቅል በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ቅሉን ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልነገርኩም። ሺሺንዳ ላይ ገበያ ነበርና መኪናው ቆመ። አንድ የማውቀው የከብት ነጋዴ በመስኮት አየኝና «ጋሽ ደጉ፣ ለፋሲካ በሬ ፍለጋ ነው?» አለኝ። «ልጄን ፍለጋ ነው» አልኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

ዋጫ ስደርስ ሩሀማ ከትምህርት ቤት ተመልሳለች። በሩን ከፈተችና ሆዳችን የገፋ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«አባዬ! ያንተ ደግሞ መቼ ነው የሚወለደው?» አለችና ሳቀች። ወዲያው ዓይኔን አየችውና ሳቋ ጠፋ።

ቁጭ አልኩ። ዮሴፍ ቢሮ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። ግድግዳው ላይ፣ ከሌላው ዕቃ ተነጥሎ፣ ለብቻው በምስማር የተንጠለጠለ ኩባያ አየሁ። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ያው የማሽቃሮው ኩባያ ነው። ደሜ ሊፈላ ሲል ሚስተር ራጋቫን «እሳት» ያለኝ ትዝ አለኝና ዋጥ አደረግሁት።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ጉበቴ ታሟል። ደንድኗል፤ አይመለስም። የሚተላለፍ በሽታ ነው። እናትሽም በሱ ሳትሞት አትቀርም። አንቺም ሳትወልጂ መመርመር አለብሽ። ካለብሽ ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ይከተባል፤ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ... አታሳቅፊኝ ካልሽም አልቀየምሽም።» ውሸቴን ነው፤ እሞት ነበር።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይኸው ደግሞ አዞረችው አልኩ በልቤ።

«አውቃለሁ» አለች ከእጇ ሥር።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እኔም አለብኝ አባዬ። ለእርግዝናዬ መጀመሪያ የተመረመርኩ ቀን ነገሩኝ፤ ማሽቃሮ ሊደርስ ሲል። ዮሴፍ ተመርምሮ ነፃ ነው፣ ተከትቧል። የሕፃኑም ክትባት ተነጋግረን ያለቀ ነገር ነው።»

«ታዲያ ኩባያው...»

«አንተን እንዳላስይዝህ ነዋ! ነርሷ በኩባያ አይተላለፍም ብላኛለች። ጆሮዬ ሰማ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። «እኔ አባትሽ አይደለሁም? ንቃኛለች ብዬ ስቃጠል ስከርም ለምን አልነገርሽኝም?»

እጇን ከፊቷ አወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ፣ አንተ የተበላሸ ጉበት ስታይ ምን እንደምታደርገው፣ እኔ ጓሮ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው ያደግሁት» አለችኝ።

«እሱ እኮ የላም ጉበት ነው!» አልኳት። «አንቺን... አንቺን እኔ...» አልጨረስኩትም። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ተሾመችን ስቀብር እንኳ ሰው ደግፎኝ ነበር። እኔ ቦንጋ፣ እሷ ዋጫ፣ በአንድ በሽታ ተይዘን፣ «ደህና ነኝ» እየተባባልን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስንሳሳ ሁለታችንም ለየብቻችን ስንጠጣ ከረምን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኛስ ብቻችንን የበላነው ጠግበን አልነበረም፤ ፈርተን ነው።

«ያንቺስ ጉበት?» አልኳት ሲቆይ። «አይተውታል? ጠርዙ እንዴት ነው? ለስላሳ ነው?»

በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች፤ ሉካንዳ ነጋዴ ምን ጊዜም ሉካንዳ ነጋዴ ነው። «ለስላሳ ነው ብለውኛል። ገና አልደነደነም። በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጉበት ስሸጥ አንድም ቀን ስለ ጉበት እግዜርን አመስግኜ አላውቅም። ያን ቀን አመሰገንኩ።

ተነሥቼ ማሩን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩና ቅሉን ሞላሁት። ከግድግዳው ላይ ቀይ ክር ያለውን ኩባያ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

«ነይ» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ እንጃ...»

«ነይ ብዬሻለሁ! ዶክተሯ አይተላለፍም ብላለች። ቢተላለፍስ፣ ሁለታችንም አለብን፤ ማን ማንን ነው የሚያስይዘው?»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ። ተጠጋችኝ። ሆዷ ሆዴን ነካው፤ ውስጥ ያለው ተንፈራገጠ፤ ተሰማኝ። ጉንጯን ጉንጬ ላይ አደረገች። እርጥብ ነበር፤ የሷ ይሁን የኔ እንባ አልለየሁትም፤ በሁለታችን ጉንጭ መሐል እየወረደ ቅሉ ውስጥ ገባ። ብርዙ ጨው ጨው አለኝ። ጨው ክልክል ነው ተብያለሁ። ዶክተር ሰብሌ ይቅር ትበለኝ፤ እስከ አተላው ጠጣሁት።